ፖምፓውን ከማውረዳችሁ በፊት፦ የጭነት መኪና የነዳጅ ግፊት ችግር እንዴት ይፈተሻል

በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ያው ጥያቄ ይመጣብኛል። «መኪናው ባዶውን ደህና ነው፤ ጭነት ይዞ አቀበት ሲጀምር ይተኛል። ዲያግኖስ አስደረግነው፣ የሬል ግፊት ዝቅተኛ ነው ይላል። ፖምፓ ልግዛ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከመመለስ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

አጭሩ መልስ፦ ገና ነው፣ አትግዙ። ኮምፒውተሩ የሚያየው ሬሉ (ፖምፓው የጨመቀው ናፍታ የሚጠራቀምበት የብረት ቱቦ) ውስጥ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ናፍታው የት እንደታነቀ፣ የት አየር እንደገባበት፣ የት ሾልኮ እንደተመለሰ አይነግራችሁም። ያንን በጌጅና በቱቦ እየለካችሁ የምታገኙት እናንተ ናችሁ።

መመሪያው ኮመን ሬል ላላቸው የናፍታ ጭነት መኪናዎች ነው፤ ከሲኖዎች፣ ከአይሱዙዎችና ከኢቬኮዎች መካከል ኮመን ሬል ያላቸው እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሜካኒካል ፖምፓ ያለው የድሮ መኪና የያዛችሁም ብትሆኑ እስከ ደረጃ 7 ያለው በሙሉ ይሠራላችኋል።

መጀመሪያ መስመሩን እወቁት

ናፍታው ከሳልባትዮ (ከነዳጅ ታንከሩ) ይነሳል። በመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ባለችው ወንፊት ያልፍና ውሃ ወደሚለየው የመጀመሪያ ፊልትሮ ይገባል። ሳቢው ፓምፕ ከዚያ ስቦ በሁለተኛው ፊልትሮ በኩል ወደ ትልቁ ፖምፓ ይገፋዋል። ፖምፓው ወደ ሬሉ ይጨምቀዋል፤ ከሬሉ ናፍታውን ወደ ሲሊንደሮቹ ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች ይሄዳል። የተረፈው በመመለሻ ቱቦ ወደ ሳልባትዮ ይመለሳል።

ይህን መስመር በሦስት ክፈሉት። ከሳልባትዮ እስከ ሳቢው ፓምፕ ያለው ክፍል ናፍታው የሚሳብበት ነው። ከሳቢው ፓምፕ እስከ ትልቁ ፖምፓ በጥቂት ባር የሚገፋበት ነው። ከትልቁ ፖምፓ ወዲያ ያለው ደግሞ በጭነት ጊዜ ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል። ሥራችን ሁሉ ችግሩ ከሦስቱ በየትኛው እንዳለ መለየት ነው።

የመጀመሪያው ክፍል አንድ ተንኮል አለው። ቱቦው ቢሰነጠቅ ናፍታ ወደ ውጭ አይፈስም፤ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ስለዚህ «ዙሪያውን አየነው፣ ምንም የሚያንጠባጥብ የለም» ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ከ0 እስከ 10 ባር የሚያነብ የግፊት ጌጅ፣ ከቱቦውና ከመገጣጠሚያው ጋር
- የቫኩም ጌጅ (ከ0 እስከ −1 ባር)
- ናፍታ የሚችል፣ ውስጡ የሚያሳይ ቱቦ፣ ሁለት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሜትር ገደማ፤ ከክላምፖቹ ጋር
- የመኪናውን ዓይነት የሚያነብና የቀጥታ ንባብ የሚያሳይ ስካነር
- መልቲሜትር
- ንጹሕ የብርጭቆ ማሰሮ፣ ክዳን ያለው
- ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ፣ ሁሉም እኩል የሆኑ የፕላስቲክ ጠርሙሶች
- ንጹሕ ናፍታ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን
- አዲስ የመዳብ ሮንዴላዎችና ኦሪንጎች
- ክር የማይለቅ ጨርቅ፣ የዓይን መነጽር፣ ናፍታ የሚችል ጓንት
- ቶርክ መፍቻ

ሁሉም ከሌላችሁ ቢያንስ የሚያሳየውን ቱቦና የቫኩም ጌጁን አታጡ። ዋጋቸው ከአንድ ፊልትሮ ብዙ አይርቅም፤ ከሁሉም ዕቃ በላይ የሚያገለግሉት ግን እነሱ ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

ሞተሩ እየሠራ ከትልቁ ፖምፓ ወደ ሬሉ፣ ከሬሉም ወደ ኢንጀክተር የሚሄደውን የብረት ቱቦ ፈጽሞ አትፍቱ። በድሮው ሜካኒካል ፖምፓ «የአንዱን ሲሊንደር ዳዶ ላላ አድርጎ ማዳመጥ» የታወቀ ዘዴ ነበር። በኮመን ሬል ላይ ግን ይህ ሰው ይጎዳል። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍታ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ መርፌ የወጋው ይመስላል፤ ሕመሙም መጀመሪያ ላይ ቀላል ሊሆን ይችላል። እንዲህ የደረሰበት ሰው ሳይውል ሳያድር ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ካልሆነ ጣቱን ወይም እጁን ሊያጣ ይችላል። ማፍሰሱን በእጃችሁ እየዳበሳችሁ አትፈልጉ፤ ካርቶን አስጠጉ።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የከፍተኛ ግፊቱን ክፍል ከመንካታችሁ በፊት ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ስካነር ካላችሁ ሬሉ ዜሮ አጠገብ መድረሱን እዩ። የኢንጀክተሮቹን ሽቦ ሞተሩ እየሠራ አትንቀሉ፤ በውስጡ የሚያልፈው ከባትሪው ቮልት በጣም ይበልጣል። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ታኮ አድርጉ፣ ጋቢናው ከተገለበጠ መቆለፊያው መያዙን አረጋግጡ።

አንድ የረዳቶች ነገር፦ ናፍታ በአፍ አትሳቡ። ትንሽ ወደ ሳንባ ብትገባ ከባድ የሳንባ ሕመም ታስከትላለች።

ደረጃ 1. ምልክቱን በትክክል ያዙ

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ሹፌሩን ጠይቁት። ጥሩ ሹፌር የሚሰጣችሁ መልስ ግማሹን ፍተሻ ያሳጥራል።

ጉልበት ሲያጣ ጥቁር ጭስ አለ? ካለ ናፍታው ደርሷል፣ የጎደለው አየር ነው፤ የአየር ፊልትሮውን፣ የተርቦውንና የኢንተርኩለሩን ቱቦዎች አስቀድሙ። ጭስ ሳይኖር ዝም ብሎ ከተኛ ግን የራበው ናፍታ ነው፤ ቀጥሉ።

ሳልባትዮው ከግማሽ በታች ሲሆን ነው የሚጀምረው? የመሳቢያው ቱቦ ከላይ ተሰንጥቋል ማለት ይሆናል። ሙሉ ሲሆን ስንጥቁ ናፍታ ውስጥ ስለሚሆን አይታወቅም፤ ሲጎድል አየር ይስባል።

ግማሽ ሰዓት ሄዶ ይደክማል፣ አሥር ደቂቃ ሲቆም ድኖ ይነሳል? ወይ የሳልባትዮው መተንፈሻ ተዘግቷል፣ ወይ መሳቢያው ጫፍ ላይ የሚጣበቅ ነገር አለ፤ ሞተሩ ሲቆም ይለቃል፣ ሲሠራ እንደገና ይሳባል።

ጠዋት ብርድ እያለ በአንድ ምት ይነሳል፣ ቆላው ሚሌ ላይ ምሳ በልታችሁ ስትመለሱ ግን ሞተሪኖው (ማስነሻው) እስኪደክም አይነሳም? ይህ ከሌሎቹ ይለያል። የሞቀ ናፍታ ይቀጥናል፤ በተበላ ኢንጀክተር ወይም ፖምፓ ውስጥ በቀላሉ ይሾልካል። ደረጃ 9 ላይ ታገኙታላችሁ።

በተቃራኒው፣ አድሮ ጠዋት ብቻ የሚያስቸግርና አንዴ ከተነሳ ደህና የሚውል ከሆነ፣ ሌሊት ናፍታው ወደ ሳልባትዮ እየተመለሰ በቦታው አየር እየገባ ነው። ደረጃ 5።

ደረጃ 2. የሞተር ዘይቱንና ናፍታውን እዩ

ዲፕስቲኩን አውጡ። ዘይቱ ከላይኛው መስመር ካለፈና ናፍታ ናፍታ ከሸተተ፣ ከፖምፓው ወይም ከኢንጀክተር ወደ ዘይቱ የሚገባ ናፍታ አለ። ሞተሩን አታስነሱት፤ የቀጠነ ዘይት ብሮንዚናውን (የክራንክ ሻፍቱን ተሸካሚ) ያስበላል። መጀመሪያ ይሄ ይታረም።

ከዚያ ከውሃ መለያው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ ግማሽ ማሰሮ ቅዱና ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ውሃ ካለ ከሥር ይተኛል፤ ናፍታው በላዩ ይቀመጣል፤ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቡናማ ዝቃጭ የሳልባትዮ ዝገት ነው። ጥቁር ልጋግ የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ለረጅም ጊዜ ተኝቶበታል፤ ሳልባትዮው ወርዶ መታጠብ አለበት።

ላምባ ላምባ ከሸተተ ደግሞ ከየት እንደተቀዳ ጠይቁ። ሰልፍ ሲረዝም ከጀሪካን መቅዳት የተለመደ ነው፣ አልፈርድም። ነገር ግን ትልቁን ፖምፓና ኢንጀክተሩን የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍታው ነው፤ ላምባ ደረቅ ስለሆነ ያንን አይሠራም። ናፍታው የተቀላቀለ ከመሰላችሁ ሳትለውጡት አዲስ ዕቃ አትግጠሙ።

ደረጃ 3. ሳልባትዮው

ሞተሩን አስነሱና ጥቂት ደቂቃ ከፍ ባለ ዙር አሠሩት። ከዚያ የሳልባትዮውን ክዳን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ ጆሮአችሁ ይስማ። «ፍስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከሳበ መተንፈሻው ተዘግቷል። ናፍታ በወጣ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት፤ ካልገባ ሳቢው ፓምፕ የሚታገለው ከታፈነ ሳልባትዮ ጋር ነው።

ከጅቡቲ ስንዴ ጭኖ የመጣ አንድ መኪና አዲስ ፖምፓ ተገጥሞለት፣ ችግሩ እንዳለ ግቢያችን ገባ። ክዳኑን ስከፍት የሳልባትዮው ጎን «ዷ» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ወደ ውስጥ ጎብጦ ነበር ማለት ነው። የክዳኑ ጎማ ጠፍቶ ናፍታ ኩርባ ላይ እየረጨ ሲያስቸግር ረዳቱ ፌስታል ሁለቴ አጥፎ ከክዳኑ ሥር አድርጎበታል። አየር ማስገቢያውን የደፈነው ያ ፌስታል ነው። ሹፌሩ ፌስታሉን ይዞ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። የፖምፓውን ደረሰኝ ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር።

ክዳኑ ደህና ከሆነ መሳቢያውን አውጥታችሁ እዩ። ወንፊቷ ላይ ጨርቅ፣ የጀሪካን ክዳን ቁራጭ፣ ቅጠል፣ የማሸጊያ ሲሊኮን ሁሉ ይገኛል። ቱቦውን ከላይ እስከ ታች በጣታችሁ ዳብሱ፤ መጋጠሚያው ሥር ያለ የፀጉር ስንጥቅ በዓይን አይታይም። ሁለት ሳልባትዮ ያለው መኪና ከሆነ የሚያገናኛቸው ቱቦ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ።

የተለመደ ስሕተት፦ የታነቀ ሲመስል መስመሩን በኮምፕሬሰር ወደ ኋላ መንፋት። መኪናው ወዲያው ይሻለዋል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ቆሻሻው ግን ወደ ሳልባትዮው ተመልሶ ተቀምጧል፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ያው ቦታ ላይ ነው። መንፋት ካስፈለገ መስመሩን ከመጀመሪያው ፊልትሮ ንቀሉ፣ የሳልባትዮው ክዳን ክፍት ይሁን፣ ግፊቱን ዝቅ አድርጉ፤ ከዚያም ሳልባትዮውን እጠቡ።

ደረጃ 4. ፊልትሮዎቹ

መቼ እንደተለወጡ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው ከሌለ ለውጧቸው። አሮጌውን አትጣሉት፤ በመጋዝ ከፍታችሁ ወረቀቱን ዘርጉት። ጥቁር ብቻ ከሆነ የአገልግሎት ዕድሜው ነው። ዝገት ካለው ሳልባትዮው ነው። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለው ምንጩን ሳታገኙ ወደፊት አትሂዱ።

አሁን ብዙ ሰው የማይወድልኝ ነገር፦ ሁለተኛውን ፊልትሮ ናፍታ ሞልታችሁ አትግጠሙ። በመሀለኛው ቀዳዳ ያፈሰሳችሁት ናፍታ በወረቀቱ አያልፍም፤ የተጣራው ወገን ላይ ነው ያስቀመጣችሁት፤ ቀጥታ ወደ ትልቁ ፖምፓ ይገባል። በፖምፓውና በኢንጀክተሩ ውስጥ ያለው ክፍተት የሚለካው በጥቂት ማይክሮን ነው፤ ከጀሪካን አፍ የምትገባ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ትበቃዋለች። ባዶውን ግጠሙና በእጅ ፓምፑ እስኪጠነክር ሙሉት። እጅ ይደክማል፣ አዎ።

ደረጃ 5. አየር ፍለጋ

ከሁሉ ደረጃ ጊዜ ስጡት የምለው ይህ ነው። አየር ይጨመቃል፣ ናፍታ ግን እንደዚያ አይጨመቅም፤ አረፋ የገባበት ፖምፓ ግፊቱን መያዝ ያቅተዋል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው ዙር) ይንቀጠቀጣል።

1. ሞተሩን አጥፉ። ወደ ሳቢው ፓምፕ የሚገባውን ቱቦ ፈትታችሁ በመሀሉ የሚያሳየውን ቱቦ ግጠሙ፤ በክላምፕ አጥብቁ። ሁለተኛውን ቁራጭ መመለሻው ላይ ግጠሙ።
2. በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጡና ሞተሩን አስነሱ። መጀመሪያ ላይ አረፋ ይኖራል፤ ከገጠማችሁት ቱቦ ነው። አምስት ደቂቃ ስጡት።
3. ከዚያ በኋላም አረፋ በመግቢያው ላይ ከታየ አየሩ የሚገባው ከዚያ በፊት ነው። መግቢያው ጥርት ብሎ መመለሻው ላይ ብቻ ከሆነ ከዚያ ወዲያ ያለውን ፈልጉ፤ ከተበላሸ ኢንጀክተር ሥር የሲሊንደር ጭስም ወደ መመለሻው ሊገባ ይችላል።
4. ዙሩን ከፍ አድርጉ። ሚኒሞ ላይ የሌለ አረፋ በከፍተኛ ዙር ሊመጣ ይችላል፤ መሳቡ ስለሚጠነክር ነው።
5. አረፋው ካለ ሳልባትዮውን ከሥራ አስወጡት፦ መግቢያውንም መመለሻውንም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ውስጥ ክተቱ። ችግሩ ከጠፋ ምንጩ ከሳልባትዮ እስከ ገጠማችሁበት ቦታ ድረስ ነው። ካልጠፋ ወደፊት ፈልጉ። ጀሪካኑን ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) አርቃችሁ እሰሩት፤ ይህንን ፈተና ግቢ ውስጥ ብቻ ሥሩ።

አየር የሚገባባቸውን ቦታዎች በልምድ ላስቀምጥ፦ የውሃ መለያው ማፍሰሻ ኦሪንግ፣ የእጅ ፓምፑ ራሱ፣ ሁለተኛ ጊዜ ያገለገለ የመዳብ ሮንዴላ፣ ጋቢናው ሥር ከብረት ጋር ሲፋተግ የኖረ የጎማ ቱቦ። ቱቦውን ሳትነቅሉ ጠምዝዛችሁ እዩት፤ ደረቅ ስንጥቁ ያኔ ይከፈታል።

የተለመደ ስሕተት፦ መጋጠሚያውን በነጭ ቴፕ መጠቅለል ወይም ሲሊኮን መቀባት። የቴፑ ወይም የሲሊኮኑ ቁራጭ ወደ ውስጥ ይገባና ቫልቭ ላይ ያርፋል። ሮንዴላ ለውጡ፣ በቃ።

ደረጃ 6. የመሳቢያውን ቫኩም ለኩ

አየር ከሌለ መታነቅ አለ ወይ ነው ጥያቄው። የቫኩም ጌጁን ከሳቢው ፓምፕ መግቢያ አጠገብ ግጠሙ፤ ሞተሩን ጭነት በሌለበት ከፍተኛ ዙር ላይ አሠሩና አንብቡ። ትክክለኛው ገደብ በሞተሩ መመሪያ ላይ ያለው ነው። መመሪያ ከሌለ እኔ የምጠቀምበት ይህ ነው፦ በአዲስ ፊልትሮ ከ0.2 ባር በታች መሆን አለበት፤ 0.3 ከደረሰ ምክንያት እፈልጋለሁ፤ ከዚያ ካለፈ የታነቀ ነገር አለ፣ ሌላ ደረጃ ውስጥ አልገባም።

ጌጁን ከውሃ መለያው በፊትና በኋላ ብትገጥሙት ቦታው ይለያል። ከፊልትሮው በፊት ጥሩ ሆኖ ከኋላው ከዘለለ ፊልትሮው ነው። ከፊልትሮው በፊትም ከፍ ካለ መሳቢያው፣ ቱቦው ወይም የተጨማደደ ላስቲክ ነው። ውስጡ የተላጠ የጎማ ቱቦም አለ፤ ከውጭ አዲስ ይመስላል፣ ሲሳብ ውስጡ እንደ ክዳን ይዘጋል።

መለካት የሚያስፈልግበትን ምክንያት መንገዱ ያሳያችኋል። ናፍታውን ወደ ሳቢው ፓምፕ የሚገፋው በሳልባትዮው ላይ ያለው የአየር ክብደት ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ይህ ግፊት 1 ባር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ 0.77 ይወርዳል፤ ጣርማ በር ላይ ከዚያም ያንሳል። ቆላው ጋላፊ ላይ የማይሰማ ግማሽ የታነቀ ፊልትሮ ደጋ ላይ ሞተር የሚያጠፋው ለዚህ ነው። ቆላ ላይ ፈትሻችሁ «ደህና ነው» ብላችሁ ስትለቁት፣ በማግስቱ ከአቀበቱ የምትደወል ስልክ አለች።

ደረጃ 7. የሚገፋውን ዝቅተኛ ግፊት ለኩ

ጌጁን ከሁለተኛው ፊልትሮ በኋላ፣ ወደ ትልቁ ፖምፓ መግቢያ ላይ ግጠሙ። ሳቢው ፓምፕ ጥርስ ያለው ሆኖ ከትልቁ ፖምፓ ጋር በተያያዘባቸው ብዙ ከባድ ሞተሮች ላይ ጥቂት ባር፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 9 ባር ይነበባል። ሜካኒካል የመስመር ፖምፓ ላይ 1 ወይም 2 ባር ገደማ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ባሕሪውን ተከታተሉ፤ ዙር ስትጨምሩ ከወደቀ ሳቢው ፓምፕ ደክሟል፣ ወይም ፊልትሮው ታንቋል። ፊልትሮው ፊትና ኋላ ለክታችሁ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ፊልትሮው ነው። ሁለቱም ቦታ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ቫኩሙም ጥሩ ከነበረ፣ ሳቢው ፓምፕ ወይም የግፊት መመጠኛው ቫልቭ ነው።

አንዳንድ የአይሱዙ ፖምፓዎች ሳቢውን በውስጣቸው ስለያዙ ይህንን መለካት አይቻልም። ወደ ደረጃ 8 እለፉ።

ደረጃ 8. ስካነሩን አሁን አስገቡ

ኮዱ ፒ 0087 ከሆነ የሬል ግፊት ከሚፈለገው አንሷል ማለት ነው፤ ፒ 0088 ከሚፈለገው በልጧል ነው። ፒ 0192 እና ፒ 0193 ስለ ሴንሰሩ የኤሌክትሪክ ምልክት ናቸው፤ ለእነዚህ ፖምፓ አይወርድም፣ ሽቦ ነው የሚታየው። በከባድ መኪናዎች ላይ ኤስፒኤን 157 ብሎ ቢመጣም ያው የሬል ግፊት ነው።

በመጀመሪያ ሴንሰሩን እመኑት ወይ? መኪናው አድሮ፣ ቁልፍ ተከፍቶ፣ ሞተር ሳይነሳ ንባቡ ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት። 100 ባር ካሳየ የሚዋሸው ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ነው። በመልቲሜትር ሦስቱን ሽቦ ፈትሹ፦ አንዱ 5 ቮልት፣ አንዱ መሬት፣ ሦስተኛው ምልክቱ። ግፊት በሌለበት ምልክቱ በብዙ የቦሽ ሴንሰሮች ላይ 0.5 ቮልት፣ በዴንሶዎቹ ላይ 1 ቮልት ገደማ ነው።

ከዚያ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አውጡ፦ የሚፈለገውና ያለው ግፊት።

ሞተሪኖ ሲመታ ብዙ ሞተሮች ከ150 እስከ 250 ባር ካልደረሱ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሩን አይከፍትም። እዚያ ካልደረሰ አይነሳም፤ ነገር ግን መጀመሪያ ባትሪውን እዩ፣ ሞተሪኖው እየጎተተ ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር ጤነኛ ፖምፓም ቢኖረው አይደርስም። ሚኒሞ ላይ ከ250 እስከ 400 ባር የተለመደ ነው። በጭነት ብዙ ጊዜ ከ1,200 ባር ያልፋል።

ሚኒሞ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ተያይዘው ሄደው አቀበት ላይ ያለው ወደ ኋላ ከቀረ፣ ወይ የሚገባው ናፍታ ያንሳል፣ ወይ የሚሾልከው በዝቷል። ደረጃ 3 እስከ 7 ንጹሕ ከነበረ የቀረው መሾለክ ነው። ያለው ግፊት ከፍ ዝቅ እያለ የሚወዛወዝ ከሆነ አየር ወይም ፖምፓው ላይ ያለው የመጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው፤ ቫልቩ ሲጣበቅ እንደዚህ ያደርጋል።

አንድ ስሕተት ልጨምር፣ ሰው ስለከሰረበት። የአይሱዙ ስካነር ብዙ ጊዜ በሜጋ ፓስካል ነው የሚያነበው። 1 ሜጋ ፓስካል 10 ባር ነው። «30 ብቻ ነው የሚያሳየው» ተብሎ ፖምፓ የወረደለት መኪና አይቻለሁ፤ 30 ሜጋ ፓስካል 300 ባር ነው፣ ሚኒሞ ላይ ፍጹም ጤነኛ።

ደረጃ 9. የት እየሾለከ ነው

*የኢንጀክተሮች መመለሻ።* የእያንዳንዱ መመለሻ ከውጭ ከሆነ ቱቦዎቹን ፈትታችሁ እያንዳንዱን ወደ አንድ ጠርሙስ አስገቡ፤ የጋራውን መስመር ድፈኑ። ሞተሩን አሙቃችሁ ሚኒሞ ላይ ለ1 ደቂቃ በስልክ ሰዓት ያዙ። ጠርሙሶቹን ደርድሩ። ሁሉም ተቀራራቢ ሆነው አንዱ እጥፍ ከሞላ እሱ ነው። ሁሉም እኩል በዝተው ከሞሉ ሁሉም ተበልተዋል፤ ከአምራቹ ቁጥር ጋር አስተያዩ። በቀዝቃዛ ሞተር አትለኩ፤ ወፍራም ናፍታ ጥፋቱን ይሸፍናል።

መመለሻው በቴስታው (በሞተሩ ራስ) ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ በጠርሙስ መለየት አይቻልም። ጠቅላላውን መመለሻ ለኩ። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ግፊቱ ወርዶ፣ የአንዱን ኢንጀክተር መስመር ከሬሉ ላይ ንቀሉና ለዚህ በተሠራ መድፈኛ ዝጉ፤ ሞተሪኖ እየመታችሁ ግፊቱን አንብቡ። በየተራ። አንዱን ስትዘጉ ግፊቱ ከዘለለ ደርሳችሁበታል። በቡሎን ወይም ባገኛችሁት ነገር አትድፈኑ፤ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ኢንጀክተሩን ከመኮነናችሁ በፊት ወደ እሱ የሚገባው መገጣጠሚያ ቱቦ በትክክለኛው ቶርክ መጥበቁን እዩ፤ ላላ ካለ በዚያ በኩል ወደ መመለሻው ያፈስና ኢንጀክተር የተበላ ያስመስላል።

*የሬሉ ግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ።* ከሬሉ ጫፍ የሚወጣውን መመለሻ ፈትታችሁ ወደ ጠርሙስ አስገቡ። ሞተሩ ሲሠራ ደረቅ መሆን አለበት። የሚንጠባጠብ ከሆነ ቫልቩ አይዘጋም፤ ይለወጣል። ቀዳዳውን መድፈን ወይም ከውስጡ ሞላ (ስፕሪንግ) ሥር ሮንዴላ መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ የሚለቀው እሱ ብቻ ነው።

ደረጃ 10. አሁን ፖምፓው

መሳቢያው ንጹሕ፣ ዝቅተኛው ግፊት ትክክል፣ ሴንሰሩ እውነተኛ፣ ኢንጀክተሮቹና ቫልቩ የማያፈሱ ሆነው ግፊቱ አሁንም ካልተነሳ የቀረው ፖምፓው ነው። ያኔም መጀመሪያ የመጠን መቆጣጠሪያ ቫልቩን አውጡና ወንፊቱንና ቀዳዳውን በባትሪ መብራት እዩ። ቆሻሻ ብቻ ከሆነ ቫልቩን መለወጥ ሊበቃ ይችላል።

የሚያብረቀርቅ የብረት ቅንጣት ካያችሁ ፖምፓው ራሱን እየበላ ነው፤ ብናኙም እስከ ኢንጀክተሮቹ ደርሷል። ፖምፓ ብቻ ለውጦ መልቀቅ አዲሱን ማቃጠል ነው። ሬሉ፣ ቱቦዎቹና ሳልባትዮው ይታጠባሉ፣ ፊልትሮዎቹ ይለወጣሉ፣ ኢንጀክተሮቹ ወደ መሞከሪያ ማሽን ይሄዳሉ። ባለቤቱ ዋጋውን ሲሰማ «ፖምፓውን ብቻ» ይላችኋል። በጽሑፍ አስፈርሙት።

ደረጃ 11. ገጥሞ ማስነሳት

የፈታችሁት የመዳብ ሮንዴላ ሁሉ በአዲስ ይተካ። የብረት ቱቦዎቹን መጀመሪያ በእጅ እስከ መጨረሻ አስገቡ፣ ከዚያ በቶርክ መፍቻ አጥብቁ፤ ተጣሞ የተጀመረ ዳዶ የቱንም ያህል ቢጠብቅ አይይዝም። የእጅ ፓምፑን እስኪጠነክር ምቱና የፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን መተንፈሻ ከፍታችሁ አረፋ የሌለው ናፍታ እስኪወጣ ጠብቁ።

ሞተሪኖውን ከ15 ሰከንድ በላይ አታስጨንቁት፤ በመሀል አንድ ሁለት ደቂቃ ይረፍ። ኤተር ወደ አየር ማስገቢያው አትንፉ፤ ማሞቂያ ያለው ሞተር ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ሲነሳ አምስት ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ተዉት፣ የነካችሁትን ሁሉ በካርቶን እያስጠጋችሁ እዩ። ኮዶቹን አጥፉ። ከዚያ ጭነት ይዞ አቀበት ላይ ውጡ፣ ስካነሩን ረዳቱ ይያዘው፤ የሚፈለገውና ያለው ግፊት ነዳጅ እስከ መጨረሻ በተረገጠበት ቦታ ላይ አብረው መሄዳቸውን ያንብብላችሁ። ባዶ መኪና ግቢ ውስጥ ዙር አስነስቶ መልቀቅ ፍተሻ አይባልም፤ ችግሩ ድሮም ባዶውን አልነበረበትም።

በማግስቱ ሞተሩ ሳይነሳ ጋቢናውን ገልብጡና ክላምፖቹን አንዴ ጥብቅ አድርጓቸው፤ አዲስ የጎማ ቱቦ ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ይላላል።